ሥራ አለን፣ ትርፉ የት ሄደ?

ጥያቄ፦ ከደባርቅ ከፍ ብላ ባለችው አምባራስ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ተደራጅተን የመማሪያ ክፍሎች እንገነባለን። ሥራ አናጣም፤ ከርክክብ በኋላ ግን እጃችን ላይ የሚቀር ነገር የለም። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ትርፍ የሚጠፋው ገና ዋጋ ሲሞላ ነው። በጎንደር ዋጋ አምባራስ ላይ አትጫረቱ። ለ1 ሜትር ኩብ ሲ-25 ኮንክሪት ባለ 50 ኪሎ 7 ከረጢት ያህል ሲሚንቶ ይገባል፤ ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከዚያ ዳገቱን ይወጣል። ማጓጓዣውን፣ ጫኝና አውራጁን፣ ብክነቱን በነጠላ ዋጋው ውስጥ አስገቡ።

ቀጥተኛ ወጪያችሁ 100,000 ብር ሆኖ 20 በመቶ ጨምራችሁ በ120,000 ተዋዋላችሁ እንበል። ጥበቃ፣ መጋዘንና የባንክ ዋስትና 12,000 ቢወስዱ የሚቀራችሁ 8,000 ብቻ ነው። ሲሚንቶ ትንሽ ከተወደደ እሱም ይሄዳል። ስለዚህ የሥራ ማስኬጃን ከትርፍ ለይታችሁ አስሉ።

የመሠረት ቁፋሮን ከክረምቱ በኋላ፣ ጥቅምት ላይ ጀምሩ። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ኮንክሪት ጠዋት ሙሉ፤ ማታ ሸፍኑት፤ ቢያንስ 7 ቀን እርጥበቱን ጠብቁ። አፍርሶ መሥራት ትርፍን ጠራርጎ ይወስዳል።

መሠረቱ አፈር ከመልበሱ በፊት ከተቆጣጣሪው ጋር ለክታችሁ ተፈራረሙ። ተጨማሪ ሥራ በጽሑፍ ካልታዘዘ አትንኩ። የአንዱን ሥራ ቅድመ ክፍያም ለሌላው ሥራ ዕዳ አታውሉ፤ ብርቱ ሠራተኞችን ለኪሳራ የሚዳርገው ይህ ነው።