ቆዳው ይቅደም፣ ማኅተሙ ይከተል

የድሮ የጀርመን ጦር የሽጉጥ አፎት ለመሰብሰብ የተነሣ ሰው አስቀድሞ ሊይዘው የሚገባ ሥርዓት አለ፤ ቆዳው ይቅደም፣ ማኅተሙ ይከተል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማኅተም ዛሬ ማታ በመዶሻ ሊመታ ይችላል፤ ሰማንያ ዓመት የኖረ ስፌት ግን በአንድ ሌሊት አይገኝም። የማኅተሙን ንስር ብቻ የሚያይ ገዢ የአስመሳዮች ቀለብ ነው።

የጀርመን ምድር ጦር በ1908 እ.ኤ.አ. ለተቀበለው ለሉገር ሽጉጥ፣ ማለትም ለፒ08፣ የተሰፋውን አፎት እንውሰድ። ክዳኑን ክፈቱ፤ ከውስጥ የሽጉጡ መፍቻ የምትቀመጥባት ትንሽ ኪስ አለች። ከፊት ጠርዙ ላይ የትርፍ ካዝና መያዣ፣ ከውስጥ ደግሞ ሲስቡት ሽጉጡን ወደ ላይ የሚያነሣ ጠፍር ይገኛል። ጠፍሩ ቶሎ ይበጠሳል፤ ተተክቶ ከሆነ ሻጩ ይናገር፣ ዋጋውም ይቀንስ።

አሁን አፎቱን ገልብጡት። ቀበቶ የሚያልፍባቸው ሁለቱ ማስገቢያዎች ውስጣቸው ካልተፋቀ፣ ፊቱ ብቻ አርጅቶ ጀርባው አዲስ ከመሰለ፣ እርጅናው የእጅ ሥራ ነው። ክሩን በአልትራቫዮሌት መብራት እዩት፤ ደምቆ ካበራ ብዙውን ጊዜ ከጦርነቱ በኋላ የመጣ ክር ነው።

የማኅተሙ ተራ አሁን ነው። እስከ 1940 ገደማ የሠሪው ስም፣ ከተማውና ዓመቱ በግልጽ ይመታ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስሙን የፊደል ኮድ ተካው። እንግዲህ 1917 የሚል ዓመት ከእንዲህ ያለ ኮድ ጋር ጎን ለጎን ብታገኙ ምን ትላላችሁ? ዕቃውን መልሳችሁ አስቀምጡ።

«ማኅተሙ ቢደበዝዝስ?» ይባል ይሆናል። ባትሪውን ከጎን አብሩበት፤ ጥላው ፊደሉን ያወጣዋል። ዘይት ግን አትቀቡ። ዘይት ቆዳውን ያጠቁረዋል፣ ያላላዋል፤ ቅባቱ ከነሐስ ክፍሎቹ ጋር ሲገናኝም አረንጓዴ ዝገት ያበቅላል።

ማኅተም የሌለው ሁሉ ሐሰት ነው ማለትም አይደለም። የምሥራቅ ጀርመን ፖሊስ ከጦርነቱ በኋላ በዚሁ ሽጉጥ ይገለገል ስለነበር አፎቶች ተሰፍተውለታል። እውነተኛ ዕቃዎች ናቸው፤ በዌርማኽት (በናዚ ዘመኑ የጀርመን ጦር) ስምና ዋጋ ሲሸጡ ነው ማጭበርበር የሚሆነው።

ከጀርመን በፎቶ የምትገዙ ከሆነ፣ ስዋስቲካን በአደባባይ ማሳየት በወንጀል ሕጋቸው የተከለከለ በመሆኑ ሻጩ ምልክቱን ሸፍኖ ያነሣዋል። ይህ አያስጠረጥርም። የጀርባውን፣ የስፌቱንና የክዳኑን ውስጥ ፎቶ ከከለከላችሁ ግን ገንዘባችሁን ያዙ።