ኬብል ለሚገዛ ልጄ

ልጄ፣ ቴሌቪዥን ልትገዛ መሆንህን ነግረኸኝ ደስ ብሎኛል። ገንዘቡን ከደመወዝህ እየቆነጠርክ እንዳጠራቀምከው ስለማውቅ አንድ ብር እንኳ በከንቱ እንዲወጣብህ አልፈልግም። ጠባይህንም አውቃለሁ። ቴሌቪዥኑን ለመምረጥ ሳምንቱን ሙሉ ከሱቅ ሱቅ ትዞራለህ፤ ኬብሉ ላይ ስትደርስ ግን ይደክምህና ባለሱቁ ያቀበለህን ይዘህ ትወጣለህ። አንዱ ባለሱቅ ሪሲቨሩን ከቴሌቪዥኑ የሚያገናኘውን ተራ የኤችዲኤምአይ ገመድ በላስቲክ ጠቅልሎ በርካሽ ይሰጥሃል። ሌላው ያማረ ካርቶን ውስጥ ያለ፣ ጨርቅ የለበሰ ወፍራም ገመድ አውጥቶ የዚያን ብዙ እጥፍ ይጠራና «ይሄኛው ምስሉን ቁልጭ አድርጎ ያወጣዋል» ይልሃል። ዕድሜዬን ቴሌቪዥን ስጠግንና ዲሽ ስተክል የኖርኩ ሰው ነኝና የማውቀውን በተራ በተራ ልንገርህ። ረጋ ብለህ አንብበው።

1. «ምስል ያጠራል» ተብለህ ኬብል አትግዛ። በኤችዲኤምአይ ውስጥ የሚያልፈው ቁጥር ነው፤ ዜሮና አንድ ብቻ፣ በሰከንድ በቢሊዮን የሚቆጠር። ቴሌቪዥኑ በወዲያኛው ጫፍ ሆኖ የመጣለት ዜሮ ይሁን አንድ ይለያል። በትክክል ከለየ፣ ከሪሲቨሩ የወጣው ምስል እንዳለ ስክሪኑ ላይ ይቀመጣል፤ ከሙሉ በላይ የሚጨመርበት ነገር የለም። ቀዩን ይበልጥ ቀይ፣ ሣሩን ይበልጥ አረንጓዴ የሚያደርግ ገመድ አልተሠራም፤ ሊሠራም አይችልም። ቀለሙ የሚወሰነው በተላከው ቁጥርና በስክሪኑ ነው። ስለዚህ ሁለት ሜትር ርካሽ ገመድና ሁለት ሜትር ውድ ገመድ፣ ሁለቱም ሳይቆራረጡ ከሠሩ፣ የሚያሳዩህ ምስል አንድ ነው። ድምፁም እንደዚያው።

2. የድሮውን ምክር ለድሮው ገመድ ተወው። «ጥሩ ገመድ ጥሩ ምስል ይሰጣል» የሚሉህ ታላላቆችህ አልዋሹህም፤ ነገር ግን ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና አባባሉ ከየት እንደመጣ እወቅ። ኤችዲኤምአይ እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ሶኒ፣ ፊሊፕስ፣ ሂታቺና ቶሺባ ከሌሎች ኩባንያዎች ጋር ሆነው ያወጡት ነው። ከዚያ በፊት ዴኩን ከቴሌቪዥኑ የምናገናኘው ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ባለው ገመድ ነበር፤ ኮምፒውተሩን ደግሞ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው ቪጂኤ። በእነዚያ ገመዶች የምስሉ መረጃ እንደ ሞገድ ነው የሚያልፈው፤ ሞገዱ በመንገድ የደከመውን ያህል ምስሉም ይደክማል። ሽፋኑ የሳሳ ረጅም ቪጂኤ ስትሰካ ከእያንዳንዱ ፊደል በስተቀኝ ደብዛዛ ጥላ ተደርቦ ታያለህ። የኤሌክትሪክ ገመድ አጠገቡ ካለፈ ደግሞ ስክሪኑ ላይ መስመር ይንከባለላል። ያኔ ለገመድ ጨመር አድርጎ መክፈል ብልህነት ነበር። የዛሬው ሻጭ ያንን እውነት አንስቶ ለማይመለከተው ዕቃ ይሸጥበታል።

3. የታመመ ኬብል ምን እንደሚመስል ዓይንህ ይልመድ። ኤችዲኤምአይ ሲያቅተው ቀስ በቀስ አይደበዝዝም፤ ቁጥሩ መሳሳት ሲጀምር ወዲያው ይታወቅሃል። በተለይ ምስሉ ጨለም ባለበት ቦታ ጥቃቅን ነጭ ነጠብጣቦች ብልጭ ብልጭ ይላሉ፣ ወይም ስክሪኑ ለአፍታ ጠቁሮ ይመለሳል፣ ወይም ጭራሽ «ሲግናል የለም» ይላል። ይህን ካየህ ገመዱን ጠርጥር። ምስሉ በካሬ በካሬ ተሰባብሮ ሰው አፉን እንደከፈተ ከቀረ ግን ኬብሉን አትንካው። ያ የመጣው ከዲሹ ወይም ከኢንተርኔቱ ነው። የሰው ፊት ቢጫ ከሆነብህ፣ ምስሉ ከተለጠጠ ወይም ከደበዘዘ የቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ነው። ስንቱ ሰው ዲሹ በንፋስ ተንቀሳቅሶበት ሳለ ሦስተኛ ኤችዲኤምአይ ገዝቶ እኔ ዘንድ መጥቷል መሰለህ።

4. በዋጋው ሳይሆን በአቅሙ ግዛ። ኬብሎች ሁሉ እኩል ናቸው አላልኩህም፤ ተጠንቅቀህ ስማኝ። እያንዳንዱ ኬብል በሰከንድ የሚሸከመው የመረጃ ልክ አለው። «ሃይ ስፒድ» የሚባለው 10.2 ጊጋቢት ይሸከማል፤ ለ1080 ምስል ከበቂ በላይ ነው። «ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ» 18 ጊጋቢት ነው፤ 4ኬ ምስል በሰከንድ 60 ጊዜ እየታደሰ እንዲመጣ ከፈለግክ እሱን ያዝ። «አልትራ ሃይ ስፒድ» 48 ጊጋቢት ነው፤ 4ኬ በ120 ለሚያወጡ የጨዋታ መሣሪያዎችና ለ8ኬ የተሠራ ነው።

አሁን ራስህን ጠይቅ፦ እኔ የምሰካው ምንድን ነው? ቤትህ ያለው የዲሽ ሪሲቨር ከሆነ ሃይ ስፒዱ ይበቃሃል፤ ተራው ፕሌስቴሽን 4ም ከ1080 አያልፍም። ፕሌስቴሽን 5 ካለህ አልትራው ከነካርቶኑ አብሮት መጥቷልና ሌላ ከመግዛትህ በፊት ካርቶኑን ፈትሽ። ብዙ ልጆች ያንን ገመድ ከሪሲቨሩ ጋር ሰክተውት፣ ለጨዋታው ግን ከመንገድ ዳር ያገኙትን ይሰካሉ። ገመዱ ላይ «2.1» ወይም «2.0» ተብሎ በትልቁ ቢጻፍ አትመነው። እነዚህ የመሣሪያዎቹ ስሪት ቁጥሮች ናቸው፤ ኬብል የሚመዘነው በነገርኩህ ስሞች ነው። የፕሪሚየሙና የአልትራው ማሸጊያ ላይ ለዚሁ በተሠራ የስልክ መተግበሪያ የሚነበብ የማረጋገጫ ምልክት ይለጠፋል። ስልክህን አውጥተህ አንብበው፤ ባለሱቁን አትፈር።

5. ከመውጣትህ በፊት ርቀቱን ለካ። ርካሹና ውዱ እውነተኛ ልዩነት የሚያሳዩት ሲረዝሙ ነው። አንድና ሁለት ሜትር ላይ በደህና የተሠራ ገመድ ሁሉ ይሠራል። 4ኬ በ60 እየላክህ አምስት ሜትር ስታልፍ ግን ቀጭኑ መዳብ መድከም ይጀምራል፤ ነጫጭ ነጠብጣቦቹም የሚመጡት ያኔ ነው። ለረጅሙ መሃሉ ወፈር ያለ መዳብ ያስፈልገዋል። የሽቦው ውፍረት ገመዱ ላይ በቁጥር ከተጻፈ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው እንደሚወፍር አስታውስ፤ 24 ከ30 ይወፍራል። ከ15 ሜትር በላይ ለአዳራሽ ፕሮጀክተር ወይም ለቤተ ክርስቲያን ስክሪን ከሆነ በውስጡ ፋይበር ያለውን ኬብል ግዛ። እሱ ውድ ነው፤ ዋጋውም ይገባዋል። አንደኛው ጫፍ ወደ ማጫወቻው፣ ሌላኛው ወደ ስክሪኑ እንደሚገባ ተጽፎበታል፤ ገልብጠህ ከዘረጋኸው ምንም አያሳይም። ሰርግ አዳራሽ ውስጥ ኬብሉን ምንጣፍ ሥር ቀብረው ከጨረሱ በኋላ ተገልብጦ ሲያገኙት የሚሆኑትን አይቻለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ደግሞ ለአንድ ሜትር ክፍተት «ይትረፍ» ብለህ አሥር ሜትር አትግዛ፤ ሁለት አጫጭር ገመዶችንም በመቀጠያ አታያይዝ። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ራሱን የቻለ የብልሽት ምንጭ ነው።

6. ለወርቅ ቅብ ተጨማሪ አትክፈል። ወርቅ አይዝግም፤ ጥቅሙ ይኸው ነው። ምስሉ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም። ርካሾቹም አብዛኞቹ ተቀብተው ነው የሚመጡት።

7. ከገመዱ ይልቅ መሰኪያውን ጠብቅ። ኬብል ቢበላሽ ሌላ ትገዛለህ፤ የቴሌቪዥኑ መሰኪያ ከተነቀለ ግን ቦርዱ ይወጣል፣ ብየዳ ይገባል፣ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ውስጡን ከፍተህ ብታየው 19 ጥቃቅን እግሮች ጎን ለጎን ተደርድረው በቀጭን እርሳስ ቦርዱ ላይ ተበይደዋል። ያ ጨርቅ የለበሰው ወፍራም ኬብል ከሪሲቨሩ ኋላ ተንጠልጥሎ ሲውል ክብደቱን የሚሸከሙት እነዚያ እግሮች ናቸው። ስለዚህ ለአጭር ርቀት ቀጠንና ለስለስ ያለው ገመድ ከወፍራሙ ይሻላል። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ቴሌቪዥን ጫፉ የታጠፈውን ምረጥ፤ ገመዱን በኃይል አጥፈህ ከግድግዳው ጋር አታጣብቀው። ስትነቅል ራሱን ይዘህ ቀጥ አድርገህ ሳብ እንጂ በገመዱ አትጎትት። ስትሰካም ሁለቱን መሣሪያዎች አጥፋ። አንተ ቆመህ፣ በአንድ እጅ፣ ሳታይ ነው የምትሰካው፤ ይህን ተው።

8. የተረፈህን ገንዘብ የዲሽ ገመድ ላይ አውለው። የእኛ አገር ቤት ውስጥ ገመድ በእውነት የሚፈተነው ጣሪያው ላይ ነው። ከኤልኤንቢው፣ ማለትም ዲሹ ላይ ካለው ሲግናል ተቀባይ፣ እስከ ሪሲቨሩ ያለው ገመድ ከኤችዲኤምአዩ ብዙ እጥፍ ይረዝማል፤ ፀሐይና ዝናብም ይፈራረቁበታል። ደግሞ ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው፤ ሲግናሉን ወደ ታች ያወርዳል፣ ለኤልኤንቢው የሚሆነውን ኤሌክትሪክ ወደ ላይ ያወጣል። ሪሲቨሩ ላይ ከፍሪኩዌንሲው ጎን «ቪ» ወይም «ኤች» ተብሎ የምታየው ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው፤ ለቪ 13 ቮልት፣ ለኤች 18 ቮልት ይላካል። የገመዱ መሃል ሽቦ ደካማ ከሆነ 18ቱ ቮልት እየተሸራረፈ ይደርስና ኤልኤንቢው ኤችን ትቶ ቪ ላይ ይቀራል። ያን ጊዜ ቪ ላይ ያለው ጣቢያ ኩልል ብሎ እየታየ ኤች ላይ ያለው ይጠፋል። ሰው ሪሲቨር ይቀይራል፤ ጥፋቱ ግን ገመዱ ነው።

እንዴት ትለየዋለህ? ከመግዛትህ በፊት ባለሱቁ ጫፉን እንዲልጥልህ ጠይቅና የመሃሉን ሽቦ በምላጭ ፋቅ አድርገው። ውስጥ ድረስ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው፤ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ ሌላ ብረት ነው። ትንሽ ማግኔት አስጠጋበት፤ ከሳበው ውስጡ ብረት ነው። በዙሪያው የተጎነጎነውን ሽቦም ተመልከት፤ ሳስቶ ጥቂት ክር ብቻ ከሆነ አትውሰደው። ኮኔክተሩ ሲገጠም ከጉንጉኑ አንድ ክር እንኳ የመሃሉን ሽቦ እንዳይነካ ራስህ አጎንብሰህ እይ። ጣሪያ ላይ ያለውን ጫፍ ውሃ እንዳይገባው በደንብ አሽገው። እዚህም ቢሆን ጥሩው ገመድ ምስሉን አያሳምረውም፤ የሚሰጥህ ትርፍ ሲግናል ነው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲወርድ የጎረቤትህ ቴሌቪዥን ተቆራርጦ ያንተ የሚቀጥለው በዚያ ትርፍ ነው።

9. ከመፍረድህ በፊት ቀይረህ ሞክር። 4ኬ ገዝቼ 4ኬ አላሳየኝም ብለህ ወደ ሱቅ ከመሮጥህ በፊት ሌላ ገመድ አስገባ፣ ሌላ መሰኪያ ሞክር። ብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ ሁሉም መሰኪያዎች እኩል አይደሉም፤ ከፍተኛውን የሚቀበለው አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ሊሆን ይችላል። አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ከፍ ያለው አቀባበል ተዘግቶ ይመጣልና ከማስተካከያው ውስጥ ገብተህ ትከፍተዋለህ። አብሮ የመጣውን መጽሐፍ አንብብ፤ ካርቶኑ ውስጥ ትተህ አትጣለው።

10. ኬብሉ መንገድ መሆኑን አትርሳ። መብረቅ ዲሹን ሲያገኘው በገመዱ ወርዶ ሪሲቨሩን፣ በኤችዲኤምአዩ ተሻግሮ ቴሌቪዥኑን ሊያቃጥል ይችላል። ነጎድጓድ ሊመጣ ሲል፣ ገና ሳይቀርብ፣ የኤሌክትሪኩን ሶኬት ብቻ ሳይሆን የዲሹንም ገመድ ከሪሲቨሩ ንቀል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ከፍና ዝቅ ለሚለው ደግሞ ስታብላይዘር ግዛ። ለውዱ ኤችዲኤምአይ ልትከፍለው የነበረው ገንዘብ ለእሱ ይዋል።

መርካቶ ከመውረድህ በፊት ከሪሲቨሩ እስከ ቴሌቪዥኑ፣ ከዲሹም እስከ ሪሲቨሩ ያለውን በሜትር ለክተህ ወረቀት ላይ ጻፈው፤ ለእኔም ደውልልኝ።