መስቀልና ሰይፍ በአንድ ብር ላይ
(ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)

አያቶቻችን «ማርትሬዛ» ወይም «ጠገራ ብር» እያሉ ይገበያዩበት የነበረው ገንዘብ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ እንደ ነበረበት ብዙዎቻችን እናውቃለን። በዚያው ዘመንና በዚያው ሚዛን፣ በንግሥቲቱ ፈንታ የጳጳስ መልክ የተቀረጸበት ብር ይሠራ እንደ ነበረ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። በ1753 የተመረጡት የሳልዝቡርግ ሊቀ ጳጳሳት ሲግስሙንድ ፎን ሽራተንባኽ ያሠሩት ታለር እንደ ማርትሬዛው 28 ግራም ያህል ይመዝናል።

ጳጳስ እንዴት ገንዘብ ያሠራል? በጀርመን አገር እስከ 1803 ድረስ ብዙዎቹ ጳጳሳት እረኞች ብቻ ሳይሆኑ መሳፍንትም ነበሩ፤ ግብር ይሰበስባሉ፣ ይዳኛሉ፣ ጦር ያዘምታሉ። የቩርትስቡርግ ጳጳስ የፍራንኮንያ መስፍንም ስለ ነበሩ በማኅተማቸው ላይ ከእረኝነቱ በትር ጋር ሰይፍ ይታያል።

ሁለት ብሮችን ጎን ለጎን እንመልከት። በ1628፣ ከ1618 ጀምሮ ጀርመንን ያነደደው ጦርነት ገና ሳይበርድ፣ የሳልዝቡርግ ሊቀ ጳጳሳት ፓሪስ ሎድሮን አዲሱን ካቴድራል ባረኩ። ለመታሰቢያ ባሠሩት ታለር በአንዱ ገጽ ቅዱስ ሩፐርትና ቅዱስ ቪርጊል ካቴድራሉን ይዘው ይታያሉ፤ በሌላው ጳጳሳት የቅዱሱን ዐፅም የያዘውን ሣጥን ተሸክመው ይሄዳሉ። ታቦት ሲወጣ እያየ ላደገ ሰው ሥዕሉ እንግዳ አይሆንበትም። ሎድሮን ሀገራቸውን ከዚያ ጦርነት በአብዛኛው ጠብቀው አቆይተዋል።

ሁለተኛው ብር የሙንስተር ነው። ጳጳሱ ክሪስቶፍ በርንሃርድ ፎን ጋለን፣ የራስዋ ነጻነት ይከበርልኝ ያለችውን የገዛ መንበራቸውን ከተማ በጦር ከበው በ1661 አስገበሩ። በዚያው ዓመት የከተማይቱ ሥዕል ያለበት የድል ታለር ተሠራ፤ በከተማይቱም ዳር ነዋሪዎቹን የሚቈጣጠር ምሽግ ተገነባ። ጋለን ካህናትን በማረም የተጉ ሰው ነበሩ፤ ይህ መዘንጋት የለበትም። ነገር ግን ያ ብር በየገበያው ሲዞር ምእመኑ ያነበበው የአባቱን ቡራኬ ሳይሆን የራሱን ሽንፈት ነው። የማቴዎስ ምዕራፍ 22 ሲጠና፣ ጌታችን ስለ ዲናሩ መልክ የጠየቀውን ጥያቄ መምህራን በዚህ ብር ላይ ቢያነሡት ተማሪዎቹ በቀላሉ አይመልሱትም።

በ1803 የመሳፍንት ጳጳሳቱ ግዛት ለዓለማውያን ገዢዎች ተከፋፈለ። ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሀብት አጣች፤ ጳጳሳቱ ግን ከሰይፉ ተገላገሉ። በ1983 የወጣው የላቲን ሕገ ቀኖና (ቁ. 285) እና በ1990 የወጣው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና (ቁ. 383) ካህናት በመንግሥት ሥልጣን ተካፋይ የሚያደርግ ሹመት እንዳይቀበሉ ይከለክላሉ።