የላይኛው የደም ግፊት እስከ ስንት ይውረድ? የሁለት ጥናቶች ንጽጽር

መግቢያ

ከፍተኛ የደም ግፊትን በመድኃኒት መቀነስ ስትሮክንና የልብ ሕመምን እንደሚከላከል ዛሬ አያከራክርም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ፣ በ48 ሙከራዎች የተሳተፉ 344,716 ሰዎችን መረጃ ያጠቃለለ ትንተና እንዳሳየው፣ የላይኛው ግፊት በ5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲቀንስ ዋና ዋና የልብና የደም ሥር ሕመሞች በ10 በመቶ ያህል ይቀንሳሉ። ሲያከራክር የኖረው ግፊቱ እስከ ስንት ይውረድ የሚለው ጥያቄ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአሜሪካ መሪነት የተካሄዱ ሁለት ጥናቶችን በማነጻጸር ይህንን ጥያቄ መመርመር ነው።

የጥናቶቹ ውጤት

ሁለቱም ጥናቶች ተሳታፊዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው የአንዱን ምድብ የላይኛው ግፊት ከ120፣ የሌላውን ከ140 በታች ለማድረስ ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱ የታተመው አኮርድ 4,733 የስኳር ሕሙማንን የያዘ ነበር። ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ስትሮክና በልብና በደም ሥር ሕመም የሚደርስ ሞት በአንድነት ሲቆጠሩ በምድቦቹ መካከል በስታቲስቲክስ የተረጋገጠ ልዩነት አልታየም፤ ስትሮክ ለብቻው ሲታይ ግን በ41 በመቶ ቀንሷል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ስፕሪንት ደግሞ 9,361 ሰዎችን ሲያካትት፣ የስኳር ሕሙማንንና ቀደም ሲል ስትሮክ ያገኛቸውን አልተቀበለም። በዚህ ጥናት ዋናው መለኪያ በ25 በመቶ፣ በማናቸውም ምክንያት የሚደርስ ሞት በ27 በመቶ በመቀነሱ ጥናቱ ከታቀደለት ጊዜ አስቀድሞ እንዲቆም ተደርጓል። ጎልቶ የቀነሰው የልብ ድካም ሲሆን፣ በስትሮክ ላይ የታየው ልዩነት በስታቲስቲክስ አልተረጋገጠም።

የልዩነቱ ምንጭ

ውጤቶቹ እርስ በርስ የሚቃረኑ ቢመስሉም፣ የስፕሪንት ዋና መለኪያ የልብ ድካምን ሲያካትት የአኮርድ አላካተተም። ከዚህም ሌላ የአኮርድ ተሳታፊዎች ቁጥር የስፕሪንትን ግማሽ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ በዋናው መለኪያ የታየው የ12 በመቶ ቅናሽ የአጋጣሚ ውጤት አለመሆኑን ለማረጋገጥ አልበቃም። ስለሆነም «ጥቅሙ አልተረጋገጠም» የሚለውን «ለስኳር ሕሙማን አይጠቅምም» ብሎ መተርጎም ስሕተት ነው።

ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው የአለካክ ሥርዓት ነው። በስፕሪንት ተሳታፊው ለ5 ደቂቃ በጸጥታ ተቀምጦ ከቆየ በኋላ አውቶማቲክ መሣሪያ ሦስት ጊዜ ይለካል፤ አማካዩም ይመዘገባል። በዚህ መንገድ የሚገኘው ቁጥር በተጨናነቀ ተመላላሽ ክፍል፣ ሕመምተኛው ገና ሳያርፍ ከሚለካው አብዛኛውን ጊዜ ያንሳል። የ120ን ግብ ከአለካኩ ነጥሎ መውሰድ ታዲያ መድኃኒትን ከሚገባው በላይ ወደ መጨመር ይመራል። ይህም ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ በስፕሪንት በ120 ምድብ የነበሩት ለግፊት ከመጠን በላይ መውረድ፣ ራስን ለመሳትና ለድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ይበልጥ ተጋልጠዋል።

ለኢትዮጵያ ያለው ትርጉም

የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2015 ባካሄደው አገር አቀፍ ዳሰሳ፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆኑት ከመቶ 16 ያህሉ ከፍ ያለ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል፤ አብዛኞቹም በሕክምና ላይ አልነበሩም። የዓለም ጤና ድርጅት የ2021 መመሪያ ተጓዳኝ ሕመም ለሌላቸው ከ140/90 በታች፣ የልብና የደም ሥር ሕመም ላለባቸው ደግሞ የላይኛውን ከ130 በታች ማድረስን ይመክራል። የ5 ሚሊ ሜትር ቅናሽ አንጻራዊ ጥቅም በሁሉም ዘንድ ተቀራራቢ በመሆኑ፣ ተጋላጭነቱ ከፍ ያለው ሰው የሚያተርፈውም ይበልጣል። ግፊቱ 170 ሆኖ ሳለ ተለክቶ የማያውቅ ሰው ወደ 140 ቢወርድ፣ በክትትል ላይ ያለና ተመሳሳይ ተጋላጭነት ያለው ሰው ከ135 ወደ 120 በመውረድ ከሚያገኘው የላቀ ጥበቃ ያገኛል።

ማጠቃለያ

ከ140 በታች መውረድ በተለይ ተጋላጭነታቸው ከፍ ላለ ሰዎች ተጨማሪ ጥቅም እንዳለው ማስረጃው ያመለክታል፤ ጥቅሙ የሚገኘው ግን በትክክል በመለካትና የኩላሊትን ሁኔታ በቅርብ በመከታተል ነው። ሕሙማንን ፈልጎ ማግኘትና ሕክምናው እንዳይቋረጥ ማድረግ ግቡን ከማጥበቅ ሊቀድም ይገባል።