ምን ትቶ ምን አገኘ?

(ጋሼ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሥዕል ተምረው፣ ዋሽንግተን ከመጡ በኋላ ዕድሜያቸውን በፓርኪንግ ሥራ የገፉ ሰው ናቸው። የምሳ ሰዓታቸውን የሚያሳልፉት ናሽናል ጋለሪ ውስጥ ነበር። ሚሚ የእህታቸው ልጅ ናት።)

ሚሚ፦ ጋሼ፣ ቅዳሜ ናሽናል ጋለሪ ልሄድ አስቤያለሁ። ከዚያ በፊት ግን የሥዕል ስልቶቹን ስም በቅደም ተከተል ቢያስጽፉኝ ደስ ይለኛል። ሬኔሳንስ፣ ባሮክ፣ ኢምፕሬሽኒዝም፣ ኪዩቢዝም... ምንም ሳላውቅ ገብቼ እንዳላፍር።

ጋሼ፦ ማን ያሳፍርሻል? መግቢያው በነፃ ነው፣ በሩ ላይ የሚፈትንሽ የለም። ስሞቹ የትም አይሄዱ፣ ቀስ ብለው ይመጣሉ። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የጸሎተ ሐሙስ እራት ሲሣል፣ ከሐዋርያቱ መካከል ይሁዳን በምን ትለይዋለሽ?

ሚሚ፦ በጎኑ ነዋ የሚሣለው። አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው።

ጋሼ፦ ማን አስተማረሽ?

ሚሚ፦ ማንም። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው ነው ያደግሁት።

ጋሼ፦ እንግዲያው ጀማሪ አይደለሽም። ጻድቁ ፊት ለፊት፣ ክፉው በጎን። የዓድዋን ሥዕሎችም ብታይ እንደዚያው ነው፤ የእኛ ሰዎች ፊታቸውን ያሳዩሻል፣ ጣሊያኖቹ ጎናቸውን። ጥላ የለም፣ ርቀትም የለም፣ ከኋላ ያለው ሰው ከፊቱ ካለው አያንስም። ሠዓሊው ሰው ሲርቅ እንደሚያንስ ጠፍቶት አይመስለኝም። ትቶት ነው። በዚያ ምትክ ቅዱሱ በቀጥታ አንቺን እንዲያይሽ አደረገ። ስልት የሚባለው ይኸው ነው፤ አንዱን ትቶ ሌላውን ማግኘት። ቅዳሜ ከየትኛውም ሥዕል ፊት ስትቆሚ ይህ ሰው ምን ትቶ ምን አገኘ ብለሽ ጠይቂ።

ሚሚ፦ ያ ግን የራሳችን ነው፣ ደሜ ውስጥ ያለ ነው። የፈረንጁን እንደዚያ ላውቀው እችላለሁ?

ጋሼ፦ «የራሳችን» ስትይ ቀስ በይ። ምስለ ፍቁር ወልዳን ታውቂያታለሽ፤ ልጇን ታቅፋ፣ እጆቿን አጣምራ። በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለች አንዲት ጥንታዊ ሥዕል አለች። የዚያች ግልባጭ በኢየሱሳውያን እጅ ወደ አገራችን ገባ። ሠዓሊዎቻችን አዩት፣ ወሰዱት፣ በራሳቸው መንገድ ደጋግመው ሣሉት፤ በጎንደር ዘመን አገሩን ሞላው። ሰዎቹን ራሳቸውን ፋሲለደስ አባረሯቸው፣ ሥዕሉ ግን ቀረ። ከዚያም በፊት ብራንካሊዮን የሚባል የቬኒስ ሰው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ እኛ ዘንድ መጥቶ ሲሥል ኖሯል። ሥዕል ድንበር ሲሻገር ማንንም አያስፈቅድም።

ሚሚ፦ እሺ፣ ቅዳሜ ከየት ልጀምር?

ጋሼ፦ ከአንዲት ትንሽ ሥዕል። ቁመቷ 40 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ፈርሜር የሚባል የሆላንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ1664 አካባቢ የሣላት ናት፤ ሚዛን የያዘች ሴት። በግራ በኩል ከመስኮት ብርሃን ይገባል። ጠረጴዛው ላይ ዕንቁና የወርቅ ሰንሰለት ተዘርግቷል። ሴትዮዋ ሰማያዊ ካባዋን ደርባ ሚዛኑ እስኪረጋ ትጠብቃለች። ከኋላዋ ግድግዳው ላይ ደግሞ ሌላ ሥዕል ተሰቅሏል፤ የመጨረሻው ፍርድ። እስኪ፣ ምን ትዝ አለሽ?

ሚሚ፦ ሚዛንና ፍርድ... በላዔ ሰብ!

ጋሼ፦ እኔም መጀመሪያ ቀን ሳያት እሱኑ ነው ያሰብሁት። 78 ሰው የበላውን ሰው በአንዲት ጥርኝ ውኃ የምታድነው እመቤታችን። አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቢያቸው። በእኛው ሥዕል ሚዛኑ ወዴት እንዳጋደለ፣ በማን ምልጃ እንዳጋደለ ግልጽ ነው፤ ታሪኩን የማያውቅ ሰው እንኳ ድርጊቱን ያየዋል። ፈርሜር ግን ታሪኩን ተወ። ምንም የሚሆን ነገር የለም። ለብዙ ጊዜ ሰዎች ሚዛኑ ላይ ወርቅ ወይም ዕንቁ አለ ይሉ ነበር፤ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር ባዶ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ምን እየመዘነች ነው? አይነግርሽም።

ሚሚ፦ ታዲያ ምን አገኘ?

ጋሼ፦ እሱን ፊቷ ቆመሽ ነው የምታውቂው። ግን አስር ደቂቃ ቁሚ። በአስር ሴኮንድ የሚያልፋት ሰው አንዲት ሴት ሚዛን ይዛለች ብሎ ይሄዳል። እንዲያውም በአንድ ቀን ከአራት ሥዕል በላይ አትዪ እልሻለሁ። ሕንፃውን በሙሉ ልዙረው ያለ ሰው እግሩ ብቻ ነው የሚማረው።

ሚሚ፦ ሞኔንስ? ሁሉም ሰው ሞኔ፣ ሞኔ ይላል።

ጋሼ፦ ሞኔ ጥሩ መምህር ነው፣ ምክንያቱም አንዱን ነገር ደጋግሞ ይሥላል። ሩዋን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ካቴድራል አለ። ከፊት ለፊቱ ክፍል ተከራየና በ1892 እና በ1893 ያንኑ ፊቱን ሣለ፣ ሣለ። ብዙ ሸራ በአንድ ጊዜ ያቆማል፤ ፀሐይዋ ስትዞር አንዱን ትቶ ወደ ሌላው ይሄዳል። ከ30 በላይ ሆኑ። ከእነዚያ ሁለቱ እዚሁ ዋሽንግተን አሉ። ቅርብ ሄደሽ ብታዪው ሻካራ ቀለም ብቻ ነው፣ እንደተለሰነ ግድግዳ። ወደኋላ ስትይ ቤተ ክርስቲያኑ ይመጣል።

ሚሚ፦ ድንጋዩን ነዋ የተወው?

ጋሼ፦ እንዲህ ነው እንጂ! ሐውልቶቹን፣ ቅርጻ ቅርጹን፣ ሰው ተሳልሞት የሚሄደውን በር ሁሉ ተወው። ያገኘው ሰዓቱን ነው። አንደኛው ሸራ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት፣ ሌላኛው ላይ ሲደበዝዝ። ብቻውን አንዱን ብታዪ ይህ አይገባሽም፣ ስለዚህ ሁለቱን እያፈራረቅሽ እዪ። ይህም ዝም ብሎ በአንድ ሰው ጭንቅላት የመጣ አይምሰልሽ። ፎቶግራፍ ከ1839 ጀምሮ የሰውን መልክ ቁጭ አድርጎ ማንሳት ችሏል፤ ሠዓሊ ከእሱ ጋር በዚህ መፎካከር አያዋጣውም። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በቱቦ የታሸገ ቀለም ተፈለሰፈ። ቀለም ቤት ውስጥ ከመፍጨት ተገላግሎ በኪስ ይዞ ሜዳ መውጣት ተቻለ። ሜዳ ድረስ የሚያደርስ ባቡሩም ነበር።

ሚሚ፦ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ እንዳይስቁብኝ። ያ ዝም ብሎ ቀለም የተረጨበትን ስልኬ ላይ አየሁት፣ ፖሎክ የሚሉትን። ልጄም ትሥለዋለች እኮ!

ጋሼ፦ አልስቅም። እኔም ለረጅም ጊዜ በአጠገቡ አልፌው እሄድ ነበር። ፖሎክ ሸራውን መሬት ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን እየተራመደ ነው ቀለሙን የሚያንጠባጥበው። ምን ተወ? ሁሉንም፤ ሰው የለ፣ ዛፍ የለ፣ መሐል የለ፣ ዳር የለ። ያገኘው የእጁን እንቅስቃሴ ነው። ልጅሽ መርጨቱን ትችላለች፤ መቼ እንደምታቆም ግን ታውቃለች ወይ? ባይጥምሽም ግዴለም። ነገር ግን ስልክ ላይ ባየሽው አትፍረጂ፤ እሱ የሠራው የግድግዳ ያህል ነው፣ ያንቺ ስክሪን የእጅ መዳፍ ያህላል።

ሚሚ፦ እኛስ አብስትራክት አለን?

ጋሼ፦ ገብረ ክርስቶስ ደስታን ምን አደረግሽው? ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ተመለሰና አዲስ አበባን አስደነገጣት። ገጣሚም ነበር። በስሙ የተሰየመ ሙዚየም አለ፣ አገር ቤት ስትሄጂ እንዳትረሺው። እስክንድር ቦጎሲያን ደግሞ እዚሁ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመት አስተምሯል። የክታብ ዓይኖችንና ምልክቶችን ወስዶ ሌላ ዓለም አደረጋቸው። ለቢጫ ካርድ ኤምባሲ ስትሄጂ ግድግዳው ላይ ያለውን ትልቅ የብረት ሥራ አላየሽም?

ሚሚ፦ ያ... ጌጥ መስሎኝ ነበር።

ጋሼ፦ የእሱና የከበደች ተክለአብ ሥራ ነው። ወረፋ ስትጠብቂ ጊዜሽን የት ታሳልፊያለሽ? ስልክሽ ላይ! ለማንኛውም ቅዳሜ የቀረችሽ አንዲት ናት። ሰው ሞና ሊዛን ለማየት ፓሪስ ድረስ ሄዶ ይጋፋል፤ እሷን እንዲህ ዝነኛ ካደረጓት ነገሮች አንዱ በ1911 መሰረቋ ነው። በመላው አሜሪካ አህጉር ለሕዝብ የምትታይ የሊዮናርዶ ሥዕል ግን አንዲት ብቻ አለች፣ እሷም ናሽናል ጋለሪ ናት። ጂኔቭራ ትባላለች። ሲሥላት ገና ወጣት ነበር፤ እርጥቡን ቀለም በጣቱ ያለሰለሰበት ምልክት ዛሬም ይታያል። የታችኛው ክፍል ስለተቆረጠ እጆቿ የሉም። የሥዕሉ ጀርባም ተሥሏል፣ ዞረሽ እዪው። ብዙ ሰው ፊቷን ብቻ አይቶ ይሄዳል።

ሚሚ፦ ፎቶ ላንሳ?

ጋሼ፦ መጀመሪያ እርሳስና ደብተር አውጪና ንደፊው። አያምርም፣ አይጠበቅብሽም። እጅሽ ግን ዓይንሽ የዘለለውን ያሳይሻል። ፎቶውን በኋላ።

ሚሚ፦ እርስዎ የማይወዱት የለም?

ጋሼ፦ ሬንዋር። ውኃ ማጠጫ የያዘች ሕፃን አለችው፣ የ1876 ሥራ። ሰው ሁሉ ፊቷ ቆሞ ይቀልጣል። ለእኔ ስኳሩ በዝቶብኛል፤ ሁሉንም ነገር ስላማረ ብቻ የሣለው ይመስለኛል፣ የተወው ነገር አይታየኝም።

ሚሚ፦ እኔ ብወዳትስ?

ጋሼ፦ እዚያው ቆመሽ ደውይልኝና ተከራከሪኝ። ድምፅሽን ግን ቀንሺ፣ ጠባቂዎቹ ይቆጣሉ።