ነዳጅ ያነሰው ሞተር እንዴት ይመረመራል?

ከሁሉ አስቀድመን መሠረቱን እንያዝ። በጭስ ማውጫው ላይ የተተከለው የኦክስጅን ሴንሰር ነዳጅ አይለካም፤ የሚለካው ከቃጠሎ የተረፈውን ኦክስጅን ነው። 1 ኪሎ ቤንዚን ሳይተርፍና ሳይጎድል እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። አየሩ ከዚህ ከበለጠ ኦክስጅን ይተርፋል፤ በተለመደው ዓይነት ሴንሰር ላይ ቮልቴጁ ከ0.45 ወርዶ ወደ 0.1 ይጠጋል፤ ኮምፒዩተሩም ነዳጅ አንሷል ብሎ ይፈርዳል። ይህን የያዘ መካኒክ ነዳጅ አንሷል የሚለውን ፒ0171 ኮድ እንዳየ ሴንሰሩን ፈትቶ አይለውጥም። ኮዱ የሚናገረው ኮምፒዩተሩ ያየውን እንጂ የተበላሸውን ዕቃ አይደለም።

ኮምፒዩተሩ ከፈረደ በኋላ ነዳጅ ይጨምራል። ጭማሪው በመቶኛ ተመዝግቦ ስለሚቀመጥ በምርመራ መሣሪያው ላይ «ፊውል ትሪም» በሚል ስም ታገኙታላችሁ። የአጭር ጊዜና የረዥም ጊዜ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ ስታነቡ ሁለቱን ደምሩ። ከዜሮ ወዲያና ወዲህ 5 በመቶ ቢል አያሳስብም። 10ን ካለፈ ግን የሞተሩ ማስጠንቀቂያ መብራት ገና ባይበራም ምርመራ ይገባዋል።

ዋናው ጥያቄ ጭማሪው ስንት ነው የሚለው ሳይሆን መቼ ይታያል የሚለው ነው። ሞተሩ ነዳጅ ሳይረገጥ ሚኒሞ ላይ ሲሠራ የሚስበው አየር ትንሽ ነው፤ በማኒፎልዱ ውስጥ ያለው የመሳብ ኃይል ደግሞ ብርቱ ነው። በተሰነጠቀ ቱቦ ወይም ባረጀ ጓርኒሲዮን ሾልኮ የሚገባው አየር ያን ጊዜ ከጠቅላላው ትልቅ ድርሻ ይይዛል። ነዳጅ ረግጣችሁ ሞተሩን በደቂቃ 2,500 ዙር ስታደርሱት የሚገባው አየር ይበዛል፤ የቀዳዳው ድርሻም ይመነምናል። ስለዚህ ሚኒሞ ላይ 22 የነበረው ቁጥር 2,500 ላይ ወደ 4 ከወረደ ሞተሩ አየር እየሳበ ነው። ወደ ፍሬን ሰርቮ የሚሄደውን ቱቦ፣ የማኒፎልዱን ጓርኒሲዮን፣ ከአየር ፍሰት ሴንሰሩ በኋላ ያለውን ጎማ መታጠፊያ ላይ እየለጠጣችሁ ተመልከቱ። የጭስ ማሽን ካለ ቀዳዳውን ቶሎ ያሳያል። ከሌለ ውኃ በስሱ እየረጫችሁ የሞተሩን ድምፅ አድምጡ። በጋለ ሞተር ላይ የካርቡራተር ማጽጃ መርጨት እሳት ያስነሣልና አልመክረውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለዩ። አየሩን በፍሰት ሳይሆን በማኒፎልዱ ግፊት የሚያሰላ ሞተር ቀዳዳ ቢኖረው፣ ሾልኮ የገባው አየር ግፊቱን ስለሚጨምር ኮምፒዩተሩ ያውቀዋል፤ ነዳጁንም ያዛምዳል። እንዲህ ያለው ሞተር ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው የሚኒሞ ዙር መጨመርን ነው። የትኛው ሴንሰር እንዳለው ሳታዩ ቁጥሩን ለመተርጎም አትቸኩሉ።

ቁጥሩ በተቃራኒው ሚኒሞ ላይ ደኅና ሆኖ አቀበት ላይ የሚያድግ ከሆነ ጉድለቱ ከነዳጁ መንገድ ወይም ከአየር ፍሰት ሴንሰሩ ነው። መጀመሪያ የነዳጁን ግፊት ጭነት ላይ ለኩ። ግፊቱ ከወረደ የደከመ ፖምፓ ወይም የተደፈነ ፊልትሮ አለ። ካልወረደ ሴንሰሩን ጠርጥሩ፤ ሽቦው ላይ የተጋገረ አቧራ የሚያልፈውን አየር አሳንሶ ያስነብበዋል። ለእርሱ በተሠራው ፈሳሽ እጠቡት፤ በጨርቅ አትንኩት። ይህን ምርመራ ለነገ አታሳድሩት፤ ጭነት ላይ ነዳጅ ያጠረው ሞተር ከመጠን በላይ ይግላል፣ ይንኳኳል፣ ፒስተንና ቫልቭ ያቃጥላል።

ሐሰተኛ መልክም አለ። ካንዴላው ሳይለኩስ የቀረ ሲሊንደር ነዳጁንም ኦክስጅኑንም ሳይቃጠሉ ያስወጣል። ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት የተሰነጠቀ የጭስ ማውጫም የውጭ አየር ይስባል። በሁለቱም ሴንሰሩ ኦክስጅን ያያል፤ በእርግጥም አለ። ኮምፒዩተሩ ግን ነዳጅ ያልጎደለበትን ሞተር ነዳጅ ያበዛበታል፣ ካንዴላዎቹም ይጠቁራሉ። ኮዱ ነዳጅ አንሷል እያለ ካንዴላው ጥቁር ከሆነ ወደዚህ ተመለሱ።

ካርቡራተር ያለው አሮጌ ቮልስዋገን ሌላ ሕግ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል። ለዚህ ስስ አየር ተስተካክሎ ነዳጁ የተቀነሰ ካርቡራተር ወደ አዋሽ ሲወርድ አየሩ ይወፍርበታል፤ ነዳጁ ያንሰዋል። ሞተሩ የሚያስቸግረው ቆላ ሲወርድ ብቻ ከሆነ ቀዳዳ ከመፈለጋችሁ በፊት ማስተካከያውን እዩ።

ኮምፒዩተር ወዳለው ሞተር እንመለስ። ጥገናው ሲያልቅ ኮምፒዩተሩ ያከማቸውን ጭማሪ አጥፉለት። ከዚያ ሚኒሞ ላይ አቆዩት፤ ቀጥሎም መሣሪያውን የሚያነብ ሰው አስቀምጣችሁ የእንጦጦን አቀበት ውጡ። የአጭርና የረዥም ጊዜው ድምር በሁለቱም ቦታ ወደ ዜሮ መጠጋት አለበት። ሚኒሞው ተስተካክሎ አቀበቱ ላይ 15 ካነበባችሁ ሁለተኛ ብልሽት አለና መኪናውን ለባለቤቱ አትመልሱ።