ሾተላይ፦ በማኅፀን ስላለው ሕፃን የሚሰጉ ወላጆችን ስለ መርዳት

ከሻሸመኔ ወደ አርሲ ነገሌ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በኩየራ፥ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ተበትኖ እስኪያልቅ ድረስ አንዲት እናት ጥግ ይዛ ስትጠብቀን አየን። ጠጋ ብላ ቡራኬ ከተቀበለች በኋላ እንዲህ አለችን፦ «አባ፥ የመጀመሪያው ልጄ ደኅና ነው፤ ትምህርት ቤት ገብቷል። ሁለተኛዋ ሰውነቷ ቢጫ ሆና ተወልዳ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ሦስተኛው ሞቶ ተወለደ። አሁን ደግሞ አርግዣለሁ። ሾተላይ አለብሽ ይሉኛል።» ቀጥላም ከአንገቷ ላይ ሁለት ነገር አውጥታ አሳየችን፤ አንዱ የመቁጠሪያ ጸሎት የምትደግምበት መቁጠሪያ፥ ሌላው አማቷ ያሰሩላት ክታብ ነበር። «የትኛውን ላውልቅ?» ስትል ጠየቀችን።

በዚያን ጊዜ የሰጠነው መልስ ችኩል እንደ ነበር ዛሬ እንናዘዛለን። ክታቡን አውልቂ፥ መቁጠሪያሽን ድገሚ፥ አትፍሪ ብለን አሰናበትናት። የተናገርነው ስሕተት አልነበረም፤ ነገር ግን ግማሽ ነበር። ጉዳዩን በማግስቱ በጤና ሙያ ለሚያገለግሉ አንዲት እኅት ብናወጋቸው፥ «አባ፥ ደሟ ተመርምሯል?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። ይህን ትምህርት የምንጽፈው ሌላው ካህን ወይም የትምህርተ ክርስቶስ መምህር በዚህ ጥያቄ ፊት እንደ እኛ ዝም እንዳይል ነው።

ሾተላይ የሚለው ቃል በአገራችን እጅግ የቆየ ነው። ልጆቿ ተወልደው የማይቆዩላት ሴት በክፉ መንፈስ የተያዘች ተደርጋ ትታሰብ ነበር። በጥንቱ የብራና ጥቅል ክታብ ላይ በብዛት ከሚገኙት ጸሎቶች አንዱ ሕፃናትን የምትገድለውን ውርዝልያን ስላሸነፈው ስለ ቅዱስ ሱስንዮስ የሚናገረው ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን የጻፉትና ያሰሩት ከሞኝነት አልነበረም፤ ልጅን መቅበር ምን ማለት እንደ ሆነ ስለሚያውቁ ነው። ስለዚህ ክታብ ያሰረችን እናት የሚሳለቅባት መምህር ትምህርቱን ከመጀመሩ በፊት ሰሚውን አጥቷል።

አሁን የሕክምናው ሳይንስ ስለ ሾተላይ የደረሰበትን እንመልከት። የሰው ደም ኤ፥ ቢ፥ ኤቢ እና ኦ ተብሎ ከመከፈሉ ሌላ፥ አርኤች የሚባል ምልክት ያለውና የሌለው ተብሎ ይለያል። ይህን ምልክት ላንድስታይነርና ቪነር የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1940 ይፋ አደረጉ። ምልክቱ ያለው ደም ፖዚቲቭ፥ የሌለው ነጌቲቭ ይባላል። እናቲቱ ነጌቲቭ፥ አባት ፖዚቲቭ ሲሆኑ፥ ጽንሱ የአባቱን ደም ሊወርስ ይችላል። በአብዛኛው በወሊድ ሰዓት ከልጁ ደም ጥቂቱ ወደ እናቱ ሰውነት ያልፋል። የእናቲቱም ሰውነት ይህን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚዋጋ መከላከያ ያዘጋጃል። የመጀመሪያው ልጅ ይህ መከላከያ ከመዘጋጀቱ በፊት ስለሚወለድ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል። የሚቀጥለው ጽንስ ፖዚቲቭ ከሆነ ግን የተዘጋጀው መከላከያ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ የልጁን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳል፤ ልጁም ደም ያንሰዋል፥ ሰውነቱ ቢጫ ይሆናል፥ ሲብስም በማኅፀን ይሞታል። የኩየራዋ እናት በሦስት ዓረፍተ ነገር የነገረችን ይህንኑ ነበር፤ የሰማነው ግን እኛ አልነበርንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ መያዝ ይገባል። በዚህ ውስጥ የእናቲቱ ጥፋት የለም፥ የአባትም ጥፋት የለም። የሁለቱም ደም ጤነኛ ደም ነው። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው፥ ኃጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ጌታን በጠየቁት ጊዜ የሰጣቸውን መልስ (ዮሐ. ምዕ. 9) የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን እንዲህ ባለው ቤት ውስጥ ደጋግመው ማንበብ አለባቸው። ስንት ትዳር በዚህ ምክንያት ፈርሷል! ባል ሌላ ሴት እንዲያገባ ዘመድ የሚመክርበት ቤት አለ። እርግጥ ነው፥ የአርሲ ኦሮሞ ባህል ሲንቄ የያዙ እናቶች ለተበደለች ሴት የሚቆሙበት ባህል ነው። ታዲያ የወለደችውን የሚያከብር ሕዝብ ልጇ የሞተባትን ሊወቅሳት አይገባም።

መፍትሔስ አለውን? አለው። እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ፀረ ዲ የተባለ መርፌ በሥራ ላይ ውሏል። ነጌቲቭ የሆነች እናት ፖዚቲቭ ልጅ በወለደች በ72 ሰዓታት ውስጥ ብትወጋው፥ ሰውነቷ መከላከያውን ከማዘጋጀት ይገታል። በብዙ አገሮች በእርግዝናው በ28ኛው ሳምንትም ይሰጣል። ውርጃ ሲያጋጥም ወይም በእርግዝና ወቅት ደም ሲፈስም ሐኪም መጠየቅ ያስፈልጋል። መርፌው የሚሠራው ግን መከላከያው ሳይዘጋጅ በፊት ብቻ ነው፤ ከተዘጋጀ በኋላ አያጠፋውም። እንግዲህ «ልጅ ሲሞትብን እንሄዳለን» ማለት መዘግየት ነው። መድኃኒቱ ውድ በመሆኑና በየጤና ጣቢያው ስለማይገኝ፥ ባልና ሚስት ከወዲሁ ደማቸውን አውቀው ማጠራቀምና የት እንደሚገኝ መጠየቅ ይኖርባቸዋል። የጋብቻ ዝግጅት ትምህርት በምንሰጥበት ጊዜ ይህን ብናነሣ ምን ይከለክለናል?

በነገራችን ላይ ይህ መድኃኒት የሚዘጋጀው ከሰዎች ደም ነው። ጄምስ ሃሪሰን የተባሉ አውስትራሊያዊ ከወጣትነታቸው እስከ 81 ዓመታቸው ድረስ 1,173 ጊዜ ደም ለግሰው፥ እ.ኤ.አ. በ2025 ዐረፉ።

ሾተላይ የሚባለው ሁሉ ግን ከአርኤች የመጣ አይደለም። ቂጥኝም ጽንስን ይገድላል፤ በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል በደም ምርመራ ይታወቃል፥ በፔኒሲሊን መርፌም ይድናል። በስምጥ ሸለቆ ቆላማ ቦታዎች ወባም አለ። ስለዚህ መምህሩ በሽታውን ራሱ አይወስን፤ ባልና ሚስቱን ሁለቱንም ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። ሁለቱንም ያልነው በምክንያት ነው፤ የአባት ደም ካልታወቀ የእናቲቱ ምርመራ ግማሽ ነውና።

አንዳንድ ምእመናን «ምርመራ እምነት ማጣት አይደለምን?» ብለው ይጠይቁናል። አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። ቤተ ክርስቲያንም እ.ኤ.አ. በ1987 «የሕይወት ስጦታ» በተሰኘው ትምህርቷ፥ ጽንሱን ለመጠበቅና ለመፈወስ የሚደረግ፥ ሕይወቱንና አካሉን የሚያከብር የቅድመ ወሊድ ምርመራ የተፈቀደ መሆኑን ገልጻለች፤ ሕመምተኛ የሆነውን ጽንስ ለማስወገድ ታስቦ የሚደረገውን ግን ትከለክላለች። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም ይህንኑ በ1995 «የሕይወት ወንጌል» በተባለው መልእክታቸው አጽንተዋል።

ሥጋትም በራሱ ኃጢአት አይደለም። እመቤታችን በመልአኩ ሰላምታ እንደ ደነገጠች ሉቃስ ይነግረናል። ከዚያም ወደ ተራራማው አገር ፈጥና ሄዳ፥ በስተርጅና ካረገዘችው ከኤልሳቤጥ ዘንድ ሦስት ወር ያህል ተቀመጠች። የሰጋችን እናት የሚያጽናናት ብዙ ቃል ሳይሆን አብሮ መቀመጥ ነው፤ ወደ ጤና ጣቢያ አብሮ የሚሄድ ሰው፥ በቀጠሮዋ ቀን ልጇን የሚጠብቅላት ጎረቤት።

የኩየራዋ እናት ወደ ሆስፒታል ተላከች። ደሟ ነጌቲቭ ሆኖ ተገኘ፤ መከላከያውም አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ስለ ነበር መርፌው እንደማይጠቅማት ተነገራት። ክትትሏን ግን አላቋረጠችም፤ ባሏም አብሯት ይሄድ ነበር። የተወለደችው ሴት ልጅ የእናቷን ዓይነት ነጌቲቭ ደም ይዛ በመገኘቷ ምንም አልነካትም። አባት ከወላጆቹ ሁለቱንም ዓይነት የወረሰ ሲሆን ይህ ሊሆን ይችላል፤ ለሁሉም ግን አይሆንም። ስለዚህ ለሌላዋ እናት ይህን ታሪክ እንደ ተስፋ ቃል አድርገን አንነግራትም። ክታቡን ያወለቀችው መቼ እንደ ሆነ አልጠየቅናትም።

በመጨረሻም ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን አንድ ማሳሰቢያ አለን። ሕፃኑ ለሞት ሲያሰጋ ካህን እስኪመጣ አይጠበቅም፤ ማንኛውም ሰው በሕፃኑ ራስ ላይ ውኃ እያፈሰሰ በአብ፥ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ስም ሊያጠምቀው ይችላል፤ ከዚያም ለቁምስናው ያስመዘግባል። ሳይጠመቅ የሞተውን ሕፃን በተመለከተ ደግሞ «ልጄ የት ገባ?» ብላ የምትጠይቅ እናት አለች። ቤተ ክርስቲያን በትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፏ (ቁ. 1261) እነዚህን ሕፃናት ለእግዚአብሔር ምሕረት አደራ ትሰጣለች፤ የሚድኑበት መንገድ እንዳለም ተስፋ እንድናደርግ ታስተምረናለች። የኩየራዋ እናት ሞቶ ስለ ተወለደው ልጇ ይህን ከእኛ የሰማችው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት አልነገርናትም ነበርና።